አራስ ያጣ ገንፎ

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዲት ሴት የኮንዶሚኒየም ብሎካችንን በሮች ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ እየደበደበች፣ "ማርያም ቀኗ ደርሷል፤ ገንፎ ልናገነፋ ነው፤ ሴቶች ተዘጋጁ" እያለች አለፈች።

እኔ አስረስ እባላለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ የብሎኩ ኮሚቴ ጸሐፊም ነኝ። ኃላፊነት የሚባል በሽታ ስላለብኝ ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወረድኩ። ማርያም የምትባል ነፍሰ ጡር ጎረቤት እንዳለችን አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም ወላድ ወላድ ናት ብዬ ላዳ የሚነዳውን የአክስቴን ልጅ ደውዬ ከጎፋ አስበረርኩት። እሱም ክላክሱን እያንባረቀ ጀሞ ድረስ መጣ። ሴትዮዋን ደረጃው ሥር አገኘኋትና ወላዷ የት እንዳለች ጠየቅኳት።

"ቤተልሔም" አለችኝ።

ክሊኒክ መሰለኝ። "ታዲያ ማን አደረሳት?" አልኳት።

"አህያ" አለች፤ ፍጹም ከልቧ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ። የአክስቴ ልጅ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬን ሲያይ በመጀመሪያው ጥሪ አንሥቶ አያውቅም። ከገበያነሽ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

ገበያነሽ በዚያ ሰሞን ብሎካችን ውስጥ የገባች ቅቤ ነጋዴ ናት። ከቦዲቲ በአውቶቡስ የሚላክላትን ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ጀሞ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ቅቤ ትሸጣለች እንጂ ሰው ቅቤ አትቀባም፤ ያሰበችውን ፊት ለፊት ነው የምትናገረው፤ ያውም ሦስት ብሎክ በሚሻገር ድምፅ። ጴንጤ ናት። ረቡዕ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶቹን ጸሎት የምትመራው እሷ ነች፤ ለዚያች ረቡዕ ስትል ገበያ ቢደራ እንኳ መደቧን ሸፍና ትሄዳለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ገና ሲቀርብ የሚይዛት ነገር አለ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ እግሯ መሬት አይረግጥም። ሙሽራ የምትቀበል ነው የምትመስለው።

"ጋሼ አስረስ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ቅቤ ልገዛ መደቧ ላይ ቆሜ። "ሰው ሁሉ 'እንኳን አደረሰህ' ይባባላል። ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቀው እስቲ። በሬው ላይ፣ ዶሮው ላይ ነው የሚልህ። ልጅ ተወልዷል እኮ! ልጅ በተወለደበት ቤት መጀመሪያ ምን ይደረጋል?"

"ገንፎ" አልኩ።

"ገንፎ። ማርያም ግን ያን ቀን ማን አገነፋላት? እረኞቹ መጡ፤ ወንዶች ናቸው፣ አይተው ሄዱ። ሰብአ ሰገል መጡ፤ ወርቅ አመጡ። ወርቅ አራስ ትጠጣዋለች? አጥሚት የሠራችላት፣ ወገቧን ያሰረችላት ሴት ብዬ መጽሐፉን ስንቴ አገላበጥኩ፤ አላገኘሁም። ሰው አገር ላይ፣ ከብት ቤት ውስጥ፣ ብቻዋን።" ቅቤውን በኮባ መጠቅለሏን ትታ ወደ እኔ ተጠጋች። "እግዚአብሔር እኮ ሰማይ ላይ ተቀምጦ ማዳን አያቅተውም ነበር። ግን ሕፃን ሆኖ መጣ። አንገቱን ካልደገፉለት የሚወድቅ፣ ካላጠቡት የሚቆሽሽ ሕፃን። ታቀፉኝ አለን እኮ፣ ጋሼ። ፈጣሪ ታቀፉኝ አለን።"

እኔ ለቅዳሴው ሳይሆን ለቅርጫው ሥጋ የምነቃ ክርስቲያን ነኝ፤ ይህን ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ገበያው መሐል ሁለት እጄን ሳላውቀው እንደሚታቀፍ ሰው አድርጌ ቆሜ ነበር። ቅቤውንም ረስቼ ተመለስኩ።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣባትም ነግራኛለች፤ ገበያነሽ ነገር አትደብቅም። ልጅ ሳለች ጎፋ አንድ ግቢ ውስጥ በሠራተኝነት ትኖር ነበር። አርግዛ ነበር፤ ያስረገዛት ሰው ጠፍቷል። ልክ በገና ዕለት፣ ትልቁ ቤት በእንግዳ ተሞልቶ፣ እሷ ወጡን ሠርታ እንደጨረሰች ምጡ መጣ። ጓሮ ወዳለችው ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከውጭ ሳቁና ሙዚቃው ይሰማ ነበር። የግቢው ጥበቃ ብቻ ጩኸቷን ሰምቶ ሴት ሊጠራ ሮጠ፤ ሴትዮዋ ስትደርስ ልጇ ብሩኬ ተወልዶ ነበር። ሴትዮዋ እትብቱን ቆርጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በማግስቱ ገበያነሽ የበዓሉን ድስት እያጠበች ነበር። "እንኳን ማረሽ" ያላት ሰው አልነበረም፤ ገንፎም አልተገነፋላትም። ያ ብሩኬ አሁን በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ሆኗል።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት በዓሉን መጥላት ስትችል እሷ ግን የባሰ ወደደችው። ማርያምም ጎረቤት አልነበራት፣ እሷም አልነበራት። ስለዚህ በየዓመቱ በገና ጠዋት ትልቅ ድስት ጥዳ ለብሎኩ ሁሉ የማርያምን ገንፎ ታገነፋለች። እሷ ራሷ ግን አትቀምሰውም። ጠይቄያት፣ "አይወርድልኝም" ብላኛለች።

ችግሩ የሚበላው ሰው መጥፋቱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የበላነው እኔ፣ ብሩኬና ደረጃውን ቀለም ሊቀቡ የመጡ ሁለት ሠራተኞች ነን። አምና እኔና ብሩኬ ብቻ ቀረን፤ ሁለታችንም ለጥቂት ቀን ገንፎ ስንሰማ እንሸሽ ነበር። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ማርያም" የሚለውን ሲሰሙ ይሸሻሉ። የእኛዎቹ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ጴንጤ የማርያምን ገንፎ ስታገነፋ ሲያዩ ልትቀልድ ነው ብለው ይቆጣሉ።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ዳኜ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጎናችን ያለው ብሎክ ነው የሚኖሩት፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ አንድ ቀን ቤቷ መጡ። እኔም የተሰበረ ቧንቧ ላይ ላስፈርማት ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

"እህት ገበያነሽ" አሉ፣ ረጋ ብለው። "ለማርያም የሚገነፋ ገንፎ ወንጌል ውስጥ የለም። ሰው እየተሰናከለ ነው። ዘንድሮም ከቀጠልሽ የረቡዕን ጸሎት ሌላ እህት ትመራዋለች። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረንበታል።"

የገበያነሽ ፊት ተለዋወጠ። ያቺ ረቡዕ ለእሷ ምን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

"ጋሽ ዳኜ፣ ለማርያም አልጸልይም" አለች። "ለማርያም አገነፋለሁ። ልዩነቱ ካልገባዎት ባለቤትዎን ይጠይቁ፤ አምስት ወልዳለች።"

ጋሽ ዳኜ አልሳቁም። "ለማንኛውም መጥቼ አያለሁ" ብለው ወጡ።

በዚያው ቀን እኔ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ድንቂቱ ዘንድ ሄደች፤ እኔንም ለምስክርነት ጎትታ። እማማ ድንቂቱ ላፍቶ ላይ፣ አሁን ፎቅ በቆመበት መሬት፣ ጤፍና ምስር ሲያመርቱ የኖሩ የአገሩ ሰው ናቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ ማርያምን ሳይሳለሙ አይውሉም። ብሎኩ ውስጥ ያሉ ኦርቶዶክስ ሴቶች ሁሉ የእሳቸውን ዐይን ዐይተው ነው የሚንቀሳቀሱት። ገበያነሽን አልወደዷትም፤ "የእመቤቴን ስም በየደረጃው የምትጠራው ልታሾፍባት ነው" ብለዋል ተብሎ ተወርቷል።

ገበያነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። "እማማ፣ ሲወልዱ ማን አረሰዎት?"

"እናቴ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ። አገር ምድሩ ነው የበላው።"

"እኔን ማንም አላረሰኝም" አለችና የጎፋውን ነገር ነገረቻቸው። አላለቀሰችም፤ እንዲያውም እንደ ልማዷ በእጇ እያሳየች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የተናገረችው።

"እመጣለሁ" አሉ እማማ ድንቂቱ። "ያየሁት ካላማረኝ ግን እናገራለሁ። አፌን ማንም አይይዘውም።"

ስንወጣ ገበያነሽ ደረጃው ላይ ቆመች። "ዘንድሮ ድስቱ ሙሉውን ከተመለሰ ሁለተኛ አላገነፋም፣ ጋሼ አስረስ። ረቡዕንም አጥቼ፣ ገንፎውም ተደፍቶ እንዴት ይሆናል?" እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

ገና ደረሰ። ጠዋቱ ብርድም ፀሐይም ነበር። ግቢው ውስጥ የቅርጫው በሬ ተጥሎ ወንዶቹ መደብ መደቡን ይከፋፍላሉ፤ ከቅዳሴ የተመለሱት ነጠላቸውን ሳያወልቁ ይተላለፋሉ። ገበያነሽ ኮሚናል በምንለው የጋራ ማብሰያ ቤት ድስቷን ጥዳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እያማሰለች ትዘምራለች። ለገበያ ያላወጣችውን ለጋ ቅቤ በበርበሬ አንጥራዋለች። ሽታው ግቢውን ሞላው። የነቢያትን ጾም ሙሉውን ጾሜያለሁ ባልልም፣ የጾምኩትም ቢሆን ሆዴ ውስጥ ሲጮህ ተሰማኝ።

ሰው መጣ። ሽታው ይሁን የጠቡ ወሬ እንጃ፣ መጣ ብቻ። ጋሽ ዳኜ ኮታቸውን ለብሰው ጥግ ቆሙ። ከኋላቸው የረቡዕ ጸሎት ሴቶች ቆሙ። እማማ ድንቂቱ በምርኩዛቸው ደረሱ፤ ከሳቸው ኋላ የእኛዎቹ ሴቶች። የምድር ቤት ሱቅ ያላት ዚነት፣ ሙስሊም ብትሆንም በየበዓላችን ሳሕንና ወንበር የምታውሰን፣ ሳሕኖቿን ተሸክማ ገባች። ገበያነሽ ገንፎውን በትልቅ ገበቴ ገለበጠች፤ መሐሉን ጎድጓዳ አድርጋ ቅቤውን አፈሰሰችበት። ከዚያ ቀና ብላ ጠበቀች።

ማንም እጁን አልዘረጋም። አንዱ ሌላውን ያያል። የረቡዕ ሴቶች ጋሽ ዳኜን ያያሉ፤ የእኛዎቹ እማማ ድንቂቱን ያያሉ። እኔ ልጀምርላት እጄን ስዘረጋ እማማ ድንቂቱ በምርኩዛቸው ጫፍ ክንዴን መለሱት።

"ቆይ" አሉ። "እናገራለሁ ብዬ ነበር። አራሷ ሳትቀምስ ገንፎ አይነካም። እናቴም አያቴም እንዲህ ነው ያሳዩኝ። እመቤቴ በሰማይ ናት፤ ይህ ገንፎ አራስ የለውም። አራስ የሌለው ገንፎ ደግሞ ድግስ ነው እንጂ የልደት አይደለም። እንዴት ልብላው?"

ጋሽ ዳኜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእማማ ድንቂቱ ጋር መስማማታቸው መሰለኝ። ገበያነሽ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ቅርጫውም በዓሉም አስጠላኝ።

"አራስ ካጣችሁ..." አለች ዚነት ከበሩ በኩል፤ ሁሉም ዞረ። ሳሕኖቹን አስቀመጠች። "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። አራስማ አለች። አራተኛ ፎቅ፣ በኅዳር የገባችው ተከራይ፣ ሊሊ። ሰሞኑን ግድግዳ ይዛ ወርዳ ሳሙናና አጃ ከእኔ ገዛች። ሆዷ የለም። 'ወለድሽ ወይ?' ስላት 'ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ ሕፃን ካዩ ከቤቱ ያስወጡኛል' አለች። ቃል ገባሁ። በየቀኑ ጠዋት ትመጣ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ አልመጣችም። ዛሬ ሄጄ ባንኳኳ አልከፈተችም። ወላሂ እየፈራሁ ነው።"

እማማ ድንቂቱ ወደ ዚነት ዞሩ።

"አራስ ደረጃ ወርዳ ሳሙና ገዛች?" አሉ እማማ ድንቂቱ። "እኛ እዚህ እያለን?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ ልነግራችሁ አልችልም። ገበያነሽ ማማሰያውን እንደያዘች ሮጠች። እማማ ድንቂቱ ምርኩዛቸውን ጥለው ተከተሏት፤ ለወትሮው ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ሦስት ጊዜ የሚያርፉ ሴት ያን ቀን ከፊቴ ነበሩ። ብሩኬ ገበቴውን በአንድ በኩል አነሣ፤ በሌላው በኩል ማን ያንሣ ስንል ጋሽ ዳኜ ኮታቸውን ሰብስበው ያዙት። የቅርጫው ወንዶች ቢላቸውን ትተው ወጡ። ደረጃው በእግር ኮቴ ተናጋ። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ የተከራዮቹን ስም ሁሉ አውቃለሁ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ፣ ሊሊ የምትባል ሰው በብሎካችን መኖሯን አላውቅም ነበር።

ገበያነሽ በሩን አንኳኳች። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች። ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ። ቁልፉ ተዟዙሮ በሩ ትንሽ ተከፈተና አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሕፃን አቅፋ፣ ደረጃውን የሞላነውን ሰዎች አየች። ደነገጠች።

"ይቅርታ" አለች። "ልጅቷ ስታለቅስ አስቸገረቻችሁ አይደል? ሌላ ቤት እየፈለግኩ ነው። ትንሽ ቀን ብቻ ስጡኝ።"

ገበያነሽ ከጀሞ እስከ ላፍቶ የሚሰማ ድምፅ ያላት ሴት፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፣ "እንኳን ማረሽ" አለቻት። በዚያው ቅጽበት እማማ ድንቂቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ላይ ወጡ። አንዳቸውም ሌላዋን አላረሙም።

"እባካችሁ መንገድ ስጡ፣ እጄ ተቃጠለ" አሉ ጋሽ ዳኜ ከኋላ።

ሴቶቹ ገቡ። ሕፃኗ ሴት እንደሆነች ሲታወቅ እልልታው ተነሣ። ለሴት ልጅ ሦስት ነው ልማዱ፤ እነሱ ግን ማቆም ረሱ። የረቡዕ ሴቶችና የእኛዎቹ እየተቀባበሉ፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ እየጀመረች፣ የታችኛው ብሎክ ሰው በመስኮት ብቅ እስኪል አስተጋቡት። አንዷ ውኃ ጣደች፤ አንዷ አንሶላ ቀየረች፤ አንዷ ቤቱን ጠረገች። እማማ ድንቂቱ የሊሊን ግንባር በእጃቸው ነክተው፣ "ትኩሳት አላት፤ ትብላና ጤና ጣቢያ ትሂድ" አሉ።

ወደ አክስቴ ልጅ ደወልኩ። እስኪያነሣ ደጋገምኩ። "ወላድ አለች፣ ዘንድሮ እውነት ነው" አልኩት።

"የት? ቤተልሔም ነው ጀሞ?" አለኝ።

"ሁለቱም" አልኩት፤ ምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም። መጣ ግን።

እሱን ስንጠብቅ ገበቴው አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ገበያነሽ ሊሊን በትራስ ደግፋ አስቀመጠቻትና የመጀመሪያውን ጉርሻ በቅቤው ነክራ አጎረሰቻት። ሊሊ ዋጠች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር፤ እያለቀሰችም አፏን ከፈተች። ጠገበች ስትባል እማማ ድንቂቱ "አሁን ይበላ" አሉ፤ እጅ ሁሉ ገበቴው ላይ ወረደ። ዚነት ሳሕን እያዞረች ለደጅ ሰዎች አደለች። እኔ ያን ቀን የበላሁትን ያህል ገንፎ በልቼ አላውቅም።

ገበያነሽ ሕፃኗን ታቅፋ፣ አንገቷን በመዳፏ ደግፋ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ደስ ብሏት ፊቷ ይበራል። አልበላችም።

እማማ ድንቂቱ አይተዋታል። ከገበቴው ላይ አንድ ጉርሻ አዘጋጁ፤ ቅቤ ጨመሩበት። ተነሥተው ሄደው ፊቷ ቆሙ።

"አፍሽን ክፈቺ" አሉ።

"አይወርድልኝም፣ እማማ።"

"ይወርዳል። አንቺም አራስ ነበርሽ። ጎረቤት ዘግይቶብሽ ነው እንጂ መጥቷል።" ጉርሻውን ወደ አፏ አቀረቡ። "ብሩኬን ስትወልጂ እንኳን ማርያም ማረችሽ።"

ሁላችንም ጴንጤዋ ምን እንደምትመልስ ጠበቅን። ብሩኬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ገበያነሽ የታቀፈቻትን ሕፃን አየች፣ እማማ ድንቂቱን አየች፣ "አሜን" አለችና አፏን ከፈተች። ቀስ ብላ አኘከች። ወረደላት።

ከበሩ በኩል ሌላ "አሜን" ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ ነው። ስዞር ጋሽ ዳኜ የተቃጠለ እጃቸውን እያራገቡ ቆመዋል።

"ረቡዕ እንዳትቀሪ" አሏት።